«ብረት አለዎት?» ተብሎ በልጅ አፍ አይጠየቅ

ባለፈው ክረምት አንድ ማለዳ አጎቴን ይዤ ወደ ሆስፒታል ሄድኩ። አጎቴ ከጎንደር የመጡት በቅርቡ ነው። ወገባቸውን ሲያማቸው ቆይቶ ሐኪሙ በማግኔት በሚሠራው መሣሪያ፣ ሁሉም ሰው «ኤም አር አይ» በሚለው፣ እንዲነሡ አዘዘላቸው። ከኩፓት ሖሊም ቶፌስ 17 እስኪመጣና ቶር እስኪደርስ ወራት አለፉ። ዕብራይስጥ ስለማይችሉ የአሥራ አንድ ዓመት የልጅ ልጃቸው ከትምህርት ቤት ቀርታ አብራን መጣች። እኔ መኪና የማቆምበት ቦታ ፍለጋ ስዞር እነሱ ቀድመው ገቡ።

ስደርስ ጸሐፊዋ ቅጽ ትሞላለች፣ ልጅቷ ታስተረጉማለች። «አባባ፣ ብረት አለዎት ወይ ትላለች» አለች ልጅቷ።

«የለኝም» አሉ አጎቴ።

«መሣሪያስ?»

«ኧረ የለኝም ልጄ! በር ላይ ለቆመው ዘበኛም ነግሬዋለሁ።»

ልጅቷ ወደ ጸሐፊዋ ዞራ «ሎ» አለች። ጸሐፊዋም በሁለቱም ጥያቄዎች ፊት ምልክት አድርጋ ወረቀቱን እንዲፈርሙ ገፋ አደረገችላቸው።

አጎቴ አልዋሹም። በእኛ ቋንቋ ብረት ማለት ማሰሮም፣ ማረሻም፣ እግር ብረትም፣ ጠመንጃም ነው። መሣሪያ ሲባል ደግሞ ከሁሉ በፊት የሚታሰበው የጦር መሣሪያ ነው። ሆስፒታሉ በር ላይ ዘበኛው «የሽ ኔሼክ?» ብሎ ጠይቋቸው ነበርና ያው ጥያቄ የተደገመ መሰላቸው። ቅጹ የጠየቀው ግን ሌላ ነው፦ በሰውነትዎ ውስጥ «ማተኸት»፣ ማለትም ማንኛውም ዓይነት የብረታ ብረት ስባሪ፣ ወይም «ሽተል»፣ ማለትም በቀዶ ጥገና የገባ ነገር አለ ወይ ነው። ልጅቷ የምታውቃቸውን ሁለት የአማርኛ ቃላት ተጠቀመች፤ ከዚህ በላይ ከእሷ የሚጠበቅ ነገር የለም። እኔ ግን በአጎቴ ግራ ጭን ውስጥ የጥይት ስባሪ እንዳለ አውቃለሁ።

ይህን ጽሑፍ ለማቅረብ የተነሣሁት በዚያ ማለዳ ምክንያት ነው። ከአዲስ መጪ ቤተሰቦች ውስጥ ሽማግሌ ወይም እናት ይዞ ወደዚህ ምርመራ የማይሄድ ጥቂት ነው። መሣሪያውን መፍራት አያስፈልግም። መፍራት ያለብን በደንብ ያልተጠየቀውንና በደንብ ያልተመለሰውን ጥያቄ ነው።

በመጀመሪያ መሣሪያው ምን እንደሆነ ልናገር። ወፍራም ቱቦ የሚመስለው ነገር በውስጡ ማግኔት ነው። በብዙ ሆስፒታሎች ያለው ኃይሉ 1.5 ቴስላ ወይም 3 ቴስላ ነው፤ ቴስላ የማግኔት ኃይል መለኪያ ነው። የኮምፓስን መርፌ ወደ ሰሜን የሚያዞረው የመሬት ማግኔት በዚህ መለኪያ እጅግ ትንሽ ስለሆነ፣ 1.5 ቴስላ ከእሱ 30,000 ጊዜ ያህል ይበልጣል። ይህን ኃይል የሚሰጠው፣ ሒሊየም በሚባል ፈሳሽ ውስጥ ተነክሮ ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ድረስ በቀዘቀዘ ሽቦ ውስጥ የሚዞር ኤሌክትሪክ ነው። ሽቦው በዚያ ቅዝቃዜ ኤሌክትሪክን ያለ አንዳች ማገጃ ስለሚያሳልፍ ማግኔቱ እንደ መብራት ማታ ጠፍቶ ጠዋት የሚበራ አይደለም። ሌሊትም፣ በሰንበትም፣ ክፍሉ ባዶ ሆኖ ሳለም ይስባል።

ማግኔቱ የሚሠራው ሰውነታችን በአብዛኛው ውኃ በመሆኑ ነው። በውኃ ውስጥ ያለው ሃይድሮጅን እያንዳንዱ ቅንጣቱ እንደ ትንሽ ማግኔት ነውና ወደ ትልቁ ማግኔት ሲቀርብ ከፊሉ በአንድ አቅጣጫ ይሰለፋል። ከዚያም የሬዲዮ ሞገድ ይላክበትና ሰልፉ ይናጋል፤ ሞገዱ ሲቆም ወደ ቦታው ሲመለስ ደካማ ምልክት ያሰማል። ኮምፒዩተሩ ያንን ምልክት ሰብስቦ ሥዕል ያደርገዋል። ጡንቻው፣ ነርቩ፣ አንጎሉ፣ የአከርካሪው ትራስ ሁሉ የውኃ መጠኑና አያያዙ ስለሚለያይ በሥዕሉ ላይ ተለይቶ ይወጣል። እንደ ራጅ ጨረር የለበትም። ጳውል ላውተርበር የተባለው አሜሪካዊ በዚህ መንገድ ሥዕል ማውጣት እንደሚቻል የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1973 ሲሆን፣ እሱና እንግሊዛዊው ፒተር ማንስፊልድ በ2003 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። አንዳንድ ሽማግሌዎቻችን «ደሜን ይመጥጠዋል» ሲሉ እሰማለሁ። አይመጥም። የሚያስጨንቀው ጩኸቱና ጥበቱ ነው። ጆሮ መድፈኛ ይሰጣል፣ እጅ ላይም የሚጨበጥ የላስቲክ ኳስ ይሰጣል፤ ሲጨንቅ ኳሱን ጨበጥ ማድረግ ነው፣ ቴክናዩ ይመጣል።

አደጋው የሚመጣው ከውጭ ወደ ክፍሉ ከሚገባ ነገር ነው። በ2001 በኒውዮርክ ግዛት አንድ የስድስት ዓመት ሕፃን በመሣሪያው ውስጥ ተኝቶ ሳለ ኦክስጅን አስፈልጎት የብረት ሲሊንደር ወደ ክፍሉ ገባ፤ ማግኔቱ ሲሊንደሩን ስቦ ሕፃኑን መታው፤ ሕፃኑም ሞተ። በሐምሌ 2025 እዚያው ኒውዮርክ፣ በሎንግ አይላንድ፣ አንዲት ሴት የጉልበት ምርመራ ጨርሳ ለመነሣት እንዲረዳት ባሏን ጠራችው። የ61 ዓመቱ ሰው ለስፖርት የሚጠቀምበትን 9 ኪሎ ያህል የሚመዝን ሰንሰለት በአንገቱ አጥልቆ ገባ። ማግኔቱ ሰውየውን ከነሰንሰለቱ ጎተተው፤ በማግስቱ ሞተ።

ይህን ሁለተኛውን ታሪክ ሳነብ የእኛን ወገን አሰብኩ። እኛ በሽተኛ ብቻውን አንተውም። እናታችን ከአልጋ ልትነሣ ስትቸገር ካየን በር አንኳኩተን አንጠብቅም፤ ገብተን እንደግፋታለን። ይህ መልካም ባሕርያችን ነው። በዚያ ክፍል ግን ቴክናዩ «ግቡ» ሳይል ማንም፣ ልጅም ቢሆን፣ ባልም ቢሆን፣ ቄስም ቢሆን እግሩን አያስገባ። ከዘራውም፣ ተሽከርካሪ ወንበሩም፣ የኪስ ቢላውም፣ ስልኩም ውጭ ይቀራል።

አሁን ወደ ሰውነት ውስጥ ወዳለው እንምጣ። እኛ ከብረት ጋር የኖርን ሰዎች ነን፤ አባቶቻችን ማረሻና ማጭድ እየቀጠቀጡ አገር ሲያበሉ፣ በምላሹ ምን ዓይነት ስም ይወጣላቸው እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ብረት ሁሉ አንድ እንዳልሆነ ለእኛ መንገር አያስፈልግም። ወርቅ፣ ብር፣ መዳብና እርሳስ በማግኔት አይሳቡም። ብረትና አብዛኛው የብረት ቅይጥ ግን ይሳባል። የማይሳበውም ቢሆን በሬዲዮ ሞገዱ ሊግል ወይም ሥዕሉን ሊያበላሽ ስለሚችል ቀለበቱም፣ ጉትቻውም፣ ማርዳውም ይወልቃል። የብር ድሪ መንጠቆው ብረት የሆነ ስንት አለ! በአንገት የታሰረ ክታብም ማቀፊያው ምን እንደሆነ ስለማይታወቅ ወልቆ በዘመድ እጅ ይቆይ፤ ከሰዓት ያነሰ ጊዜ ነው። በአንገትና በግንባር ላይ ያለ ንቅሳት አብዛኛውን ጊዜ አያሰጋም፤ ቢሆንም አንዳንድ ቀለም ብረት ስላለበት ሊሞቅ ይችላልና ለቴክናዩ ማሳየት ነው።

የጥይት ነገር ሰፋ ብሎ መነገር አለበት። በየዘመኑ ጦርነት አልፎብናል፤ ከደርግ ዘመን የተረፈ አለ፣ ከሽፍታ ጥይት የተረፈ አለ፣ በሰሜኑ ጦርነት ከ2020 እስከ 2022 የቆሰለም አለ። ከላይ ሲያዩት መዳብ የሚመስለው የክላሽንኮቭ ጥይት ብዙው እምብርቱ ብረት ነው። የፈንጂና የመድፍ ፍንጣሪም እንዲሁ። ጭን ውስጥ ለብዙ ዓመት ተቀብሮ ሥጋ የሸፈነው ስባሪ ብዙ ጊዜ አይንቀሳቀስም። በዓይን፣ በአንጎል፣ በአከርካሪ ወይም በትልቅ የደም ሥር አጠገብ ያለ ግን ሌላ ነገር ነው። በ1986 የታተመ አንድ የሕክምና ጽሑፍ፣ ዓይኑ ውስጥ ሳያውቅ የብረት ፍንጣሪ የነበረበት ሰው ከዚህ ምርመራ በኋላ አንድ ዓይኑ እንደጠፋ ይገልጻል። እዚህ አገር በብየዳና በብረት መቁረጫ ፋብሪካ ሥራ የገባችሁ ወጣቶች ይህን አስቡት፤ «አንድ ቀን ዓይኔ ውስጥ ፍንጣሪ ገብቶ ወጣልኝ» የምትሉት ነገር ለቴክናዩ የሚነገር ነው።

የልብ ምት ማስተካከያ የተደረገለት ሰውም፣ መስማት ለተሳነው ልጅ በጆሮው ኋላ የሚተከለው መሣሪያ ያለውም እንዲሁ መናገር አለበት። ይህ ሁለተኛው ራሱ የማግኔት ጥበብ ነው፤ ከቆዳ ሥር ያለው ክፍልና ከውጭ ያለው ክፍል የሚያያዙት በማግኔት ነውና።

«እንዳለኝ ብናገር ይመልሱኛል፤ ወራት የጠበቅሁት ቶር ይጠፋል» ብሎ የሚደብቅ ሰው አጋጥሞኛል። ይህ ስሕተት ነው። ብዙው ነገር ምርመራውን አይከለክልም። በቲታኒየም የተሠራ ዳሌ ወይም ጉልበት ያላቸው ሰዎች በየቀኑ ይነሣሉ። ከአዲሶቹ የልብ መሣሪያዎችም በተወሰነ ጥንቃቄ የሚፈቀዱ አሉ። መናገር ማለት መከልከል አይደለም፤ ሐኪሙ አስቀድሞ በራጅ አይቶ እንዲወስን ነው።

ማግኔት በሕክምና የሚያገለግለው በዚህ ብቻ አይደለም። በኮሮና ዘመን ከአፍንጫችን የተወሰደው ናሙና በብዙ ላቦራቶሪዎች የተጣራው ማግኔት በሚስባቸው፣ በዓይን በማይታዩ ቅንጣቶች ነበር፤ ቅንጣቶቹ የቫይረሱን ዘር ይይዛሉ፣ ማግኔቱ እነሱን ሲይዝ ቆሻሻው ይታጠባል። ከሐይፋ አጠገብ በቲራት ካርሜል ያለው ኢንሳይቴክ የተባለ ድርጅት፣ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ጽዋ መያዝ ላቃታቸው ሰዎች የራስ ቅል ሳይከፈት በድምፅ ሞገድ የሚያክም መሣሪያ ሠርቷል፤ ሐኪሙ ሞገዱን የሚመራው በዚሁ በኤም አር አይ ሥዕል ነው፤ አሜሪካኖች በ2016 ፈቅደውታል። ኢየሩሳሌም ያለው ብሬይንስዌይ ደግሞ በራስ ላይ በሚደረግ የማግኔት ምት ጽኑ የመንፈስ ጭንቀትን የሚያክም መሣሪያ አለው፤ እሱም እዚያው አሜሪካ በ2013 ተፈቅዷል። ገበያ ላይ «ለጉልበት፣ ለደም ግፊት» እየተባለ የሚሸጠው የማግኔት አምባር ግን ከእነዚህ ጋር አይቆጠርም፤ ሕመም እንደሚያስታግስ አልተረጋገጠም፤ ገንዘባችሁን አትጣሉበት። የልጆች መጫወቻ የሆኑት ጥቃቅን የማግኔት ኳሶችም ከቤት ይውጡ። ልጅ ሁለት ቢውጥ በአንጀቱ ውስጥ ተሳስበው አንጀቱን ይበሳሉና፣ ውጧል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ «በራሱ ይወጣል» ሳትሉ በዚያው ሰዓት ወደ ሚዩን ውሰዱት።

ወደ ዋናው ነገሬ ልመለስ። አጎቴ ጥያቄው በትክክል ቢተረጎምላቸው ኖሮ እንኳ በዚያች ልጅ ፊት ይመልሱ ነበር ወይ? አይመስለኝም። የሚያነክሱት ከበቅሎ ወድቀው እንደሆነ ለልጅ ልጆቻቸው ነግረዋል። እንዴት እንደቆሰሉ እኔም እዚህ አልጽፍም፤ ይህ የእሳቸው ነው። እንዲህ ያለ ነገር ያለው ሽማግሌ እሳቸው ብቻ አይደሉም። ቅጹ ደግሞ ስለ ብረት ብቻ አይጠይቅም። ሴት ከሆነች ነፍሰ ጡር መሆኗን ይጠይቃል። ሥዕሉ እንዲጎላ በደም ሥር ጋዶሊኒየም የሚባል፣ እሱም የማግኔት ጠባይ ያለው መድኃኒት የሚሰጥ ከሆነ ኩላሊቷ ታሞ እንደሆነ ይጠይቃል። እናት በአሥራ ሦስት ዓመት ወንድ ልጇ አፍ «እርጉዝ ነሽ?» ተብላ ስትጠየቅ ምን ትመልስ? ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ «የለም» ትላለች። ልጁም አፍሮ ሳይሰማት «ሎ» ይላል።

ከዚህ በላይ የቆየ ነገርም አለ። አዲስ የመጣችሁ ላታውቁት ትችላላችሁ፤ በ1996 መጀመሪያ የደም ባንኩ የእኛን ወገኖች ደም እየተቀበለ ሳይነግራቸው ይጥል እንደነበር በጋዜጣ ወጣ። በሺህ የሚቆጠር ሰው በኢየሩሳሌም በጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ተሰለፈ። ያንን ያየ ሰው ለሆስፒታል ቅጽ የሰጠው መልስ ዞሮ እንደሚጎዳው ቢጠረጥር አልፈርድበትም። ይህ ጥርጣሬ የሚወገደው በምክር አይደለም፤ በገዛ ቋንቋው፣ በትልቅ ሰው፣ በክብር ሲጠየቅ ነው።

ሕጉ ከእኛ ጋር ነው። በዚያው በ1996 የወጣው የሕሙማን መብት ሕግ፣ ለሕክምና የሚያስፈልገው መረጃ በሽተኛው በሚገባ ሊረዳው በሚችልበት መንገድ እንዲነገረው ያዝዛል። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴርም በ2011 ባወጣው መመሪያ የጤና ተቋማት አገልግሎታቸውን ለሕዝቡ ቋንቋና ባህል እንዲያስማሙ አዟል። እንግዲህ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ መሐል ቆማ የተፈረመ ወረቀት «በሚገባ መረዳት» ነው የሚል ሰው ካለ ይንገረኝ።

ጸሐፊዎቹ ሥራ ይበዛባቸዋል፤ በር ላይ ሃያ ሰው ይጠብቃል፤ ልጅ ተርጓሚ ደግሞ ወጪ የለውም። ይህን አላጣሁትም። ግን ቀጠሮው ከወራት በፊት የተያዘ ነው። አማርኛ ተናጋሪ በዚያ ቀን እንደሚመጣ ለማወቅና ለአሥር ደቂቃ በስልክም ቢሆን ተርጓሚ ለማዘጋጀት ከዚህ የበለጠ ጊዜ የት ይገኛል? ቅጹን በአማርኛ ማተሙ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ብዙ ሽማግሌዎቻችን ፊደል ስላልቆጠሩ የታተመው ብቻ አይበቃም፤ አንድ ሰው አፉን ከፍቶ ሊጠይቃቸው ይገባል። ጥያቄውም «ብረት አለዎት?» መሆን የለበትም። «በሕይወትዎ ጥይት ወይም ፍንጣሪ መትቶዎት ያውቃል? ሳይወጣ የቀረ አለ? በቀዶ ጥገና ሰውነትዎ ውስጥ የገባ ነገር አለ? ዓይንዎ ውስጥ የብረት ፍንጣሪ ገብቶ ያውቃል?» ተብሎ ቢጠየቅ አንድም የሚስት ሽማግሌ አይኖርም።

እኛም ከወቀሳው አናመልጥም። ልጆቻችን በሁለት ዓመት ዕብራይስጡን ሲያቀላጥፉት ደስ ይለናል፤ ያ ደስታ ግን በየቢሮው፣ በየባንኩ፣ በየሐኪሙ ቤት ይዘናቸው እንድንዞር አድርጎናል። ከትምህርት ቀርተው የማያውቁትን ቃል ይተረጉማሉ፤ ሲሳሳቱም እንቆጣቸዋለን። ሐኪም ቤት ስትሄዱ ልጅ ካላችሁ አብሮ ይሂድ፤ እጃችሁን ይያዝ፤ መንገዱን ያሳያችሁ። ቅጹ ሲመጣ ግን «ቶርገማን በአማርኛ እፈልጋለሁ፤ ያለዚያ አልፈርምም» በሉ። ይህችን ያህል ዕብራይስጥ በአንድ ቀን ትጠናለች፦ «አኒ ጻሪኽ ሜተርጌም ለአምሐሪት»፤ ሴት ከሆናችሁ «ጻሪኽ» በ«ጽሪኻ» ይለወጥ። ቀጠሮ ስትይዙም በስልክ የሚያስተረጉም የአማርኛ አገልግሎት አለ ወይ ብላችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

የአጎቴ ነገር እንዲህ ሆነ። ልጅቷን ውኃ እንድታመጣልን ልኬ ቴክናዩን ለብቻው ነገርኩት። ሰውየው ቀለሙ ተለወጠ፤ አልተቆጣም፤ ጭናቸውን ራጅ አስነሥቶ ለሐኪሙ ላከ። የጥፍር ቁራጭ የምታህል ስባሪ በጡንቻው ውስጥ፣ ከትልቁ የደም ሥር ርቃ ትታያለች። ሐኪሙ ራሱ መጣና እንዲገቡ ፈቀደ፤ ጭናቸው ቢሞቅ ወይም ቢሳብ ኳሱን እንዲጨብጡ እኔ ተረጎምኩላቸው። ሃያ አምስት ደቂቃ ያህል ቆዩ። ሲወጡ ላብ በላብ ናቸው፤ ግን ፈገግ ብለዋል።

«ምን ይመስላል አባባ?» አለች ልጅቷ።

«አባቴ ማረሻ ሲቀጠቅጥ ጆሮዬን ደፍኜ አጠገቡ እንደ መተኛት ነው» አሏት።

ልጅቷ የአያቷ አባት ማረሻ ይሠሩ እንደነበር አታውቅም ነበር። ወደ መኪናው እስክንደርስ ወናፍ ምን እንደሆነ ሲያስረዷት ነበር።